የደካማ ካርታ ዋጋ በምን ይመዘናል?

ካርታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ኮንከር የምንጫወትበትን የተለመደውን ካርታ ነው። በዚያ ጨዋታ ሁሉም የሚያነሣው ከአንድ ክምር ስለ ሆነ ማንም የራሱን ካርታ መርጦ ከቤቱ አያመጣም። ዛሬ የምንጽፍበት ጨዋታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስሙ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል። የፈጠሩት ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባሉ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር ሲሆኑ፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. አሳትሞ ለገበያ አቀረበው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

ደንቡን በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ተጫዋቹ ከብዙ ሺህ ዓይነት ካርታዎች መካከል መርጦ ቢያንስ 60 ካርታ ያለበት ክምር ያዘጋጃል። ከመሠረታዊ የመሬት ካርታዎች በስተቀር አንዱን ዓይነት ከ4 በላይ ማስገባት አይፈቀድለትም። ጨዋታው ሲጀመር 7 ካርታ በእጁ ይይዛል፤ 20 የሕይወት ነጥብም ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ያለቀበት ይሸነፋል። መሬቶቹ ማና የሚባለውን ኀይል ያፈልቃሉ፤ ሌሎቹ ካርታዎች በዚህ ማና እየተከፈለባቸው ይወጣሉ። በውድድር ጊዜ ደግሞ ከ60ው ሌላ 15 ካርታ ለብቻ ይቀመጣል። ከአንድ ተጋጣሚ ጋር የመጀመሪያው ዙር ካለቀ በኋላ ተጫዋቹ ከእነዚህ 15 መካከል ለዚያ ሰው የሚስማማውን እያወጣ ከዋናው ክምር ጋር ይለዋውጣል። የነገራችን ሥር ያለው እዚህ 15 ላይ ነው።

ካርታው የሚገዛው በታሸገ ፓኮ ነው። በ2005 ዓ.ም. በአንድ ፓኮ ውስጥ 15 ካርታ ሲኖር፣ ከእነዚህ ውስጥ ብርቅ የሚባለው አንድ ብቻ ነበር። ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው በአብዛኛው ለዚህ አንድ ካርታ ነው። በዚያ ዓመት ሴቪየርስ ኦፍ ካሚጋዋ የሚባለው ባለ 165 ካርታ ስብስብ ታተመ። ፓኮውን ከቀደዱት ተጫዋቾች መካከል አንዳንዶቹ በብርቁ ቦታ ያገኙት ዋን ዊዝ ናዚንግ የሚባለውን ሆነ። ስሙ ከምንም ጋር አንድ መሆን እንደ ማለት ነው። ዋጋው አንድ ጥቁር ማና ሲሆን፣ በማናቸውም ሰዓት፣ በተጋጣሚው ተራም ቢሆን፣ ሊወጣ ይችላል። የሚያደርገውም ይህን ብቻ ነው፦ በእጅህ ያለውን ካርታ ሁሉ ጣል። ተጋጣሚህን አይልም፤ አንተ ራስህ ጣል ነው የሚለው። የገዢውን ፊት መገመት አያስቸግርም። ለነገሩ የዚያ ስብስብ ብዙዎቹ ካርታዎች እጁን ሞልቶ የሚጠብቀውን ሰው የሚሸልሙ ነበሩ፤ ይህ በመካከላቸው መገኘቱ ቀልድ ይመስላል።

በዚህ ጨዋታ የተለመደው የሒሳብ አያያዝ ካርታን በካርታ መመንዘር ነው። አንዱን ካርታዬን አውጥቼ ከተጋጣሚዬ ሁለቱን ካጠፋሁ አተረፍኩ፤ ሁለት አውጥቼ አንድ ብቻ ካጠፋሁ ከሰርኩ። በዚህ ሚዛን ዋን ዊዝ ናዚንግን የመዘነ ሰው ወዲያው ይጥለዋል። በእጁ ሌላ 6 ካርታ ያለው ተጫዋች ይህን ቢያወጣ በአንድ ጊዜ 7 ካርታ ያጣል፤ ተጋጣሚው አንድም አያጣም። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ከታተሙት ሁሉ የመጨረሻው መጥፎ ካርታ ነው ብለው ፈረዱበት።

ፍርዱ ግን በአንድ የተደበቀ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም በእጅ ያለ ካርታ ሁልጊዜ ሀብት ነው የሚለው ነው። ይህ ግምት አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ሁልጊዜ እውነት አለመሆኑን ያሳየው በ2006 ዓ.ም. በሆኖሉሉ በተደረገው ታላቅ ውድድር ላይ ከመጨረሻዎቹ ስምንት መካከል ሁለት ተጫዋቾችን ያደረሰው አውሊንግ ማይን የተባለው ክምር ነው።

የዚህ ክምር ዘዴ ተጋጣሚን በስጦታ መግደል ነው ብንል አልተሳሳትንም። ሃውሊንግ ማይን የሚባለው ካርታ ለሁለቱም ተጫዋቾች በየተራቸው አንድ ተጨማሪ ካርታ ያስነሣል። በሌላ በኩል የክምሩ ባለቤት የተጋጣሚውን መሬቶች እየነቀለ ወደ እጁ ይመልስበታል። ተጋጣሚው ማና ስለሚያጥረው የተሰጠውን ካርታ ማውጣት አይችልም፤ እጁ ሞልቶ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ኤቦኒ አውል ኔትሱኬ የሚባለው የጉጉት ቅርጽ ይመጣበታል። ኔትሱኬ ጃፓኖች ቦርሳቸውን ከመቀነታቸው ጋር ያያይዙበት የነበረ ትንሽ ቅርጽ ነው። ይህ ካርታ የተጋጣሚው ተራ ሲጀመር በእጁ 7 ወይም ከዚያ በላይ ካርታ ካለ 4 ነጥብ ይቀንስበታል። ሰድን ኢምፓክት የሚባለው ደግሞ በእጅ ባሉት ካርታዎች ቍጥር ልክ በአንድ ጊዜ ይመታል። እንግዲህ እዚህ ላይ በእጅ ያለ ካርታ ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

አሁን የተናቀውን ካርታ እዚህ ቦታ ላይ እናስገባው። ጉጉቱ ሊመታ ሲል ተጫዋቹ አንድ ጥቁር ማና ከፍሎ እጁን ባዶ ያደርጋል። የጉጉቱ ደንብ ምቱ በሚፈጸምበት ጊዜ ቍጥሩን እንደ ገና ስለሚመረምር ምቱ ይቀራል። በዚህም አያበቃም። አንድ ሃውሊንግ ማይን ብቻ ካለ ተጫዋቹ በየተራው 2 ካርታ ያነሣል፤ ምንም ሳያወጣ ቢቀመጥ እንኳ በሚቀጥሉት ሦስት ተራዎች መጀመሪያ ላይ በእጁ የሚኖረው 2፣ ከዚያም 4፣ ከዚያም 6 ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውን ጨምሮ አራት ምቶች ቀሩ። በአንድ ጉጉት ብቻ 16 ነጥብ ይሆናል፤ ይኸውም ከጠቅላላው 20 ሕይወት አምስቱ እጅ አራቱ ነው። ይህን ያህል ሕይወት በአንድ ማና የሚያተርፍ ሌላ ካርታ በቀላሉ አይገኝም።

ይህን ስሌት ያዩ ወገኖች ካርታው በስሕተት ተናቀ እያሉ ያመሰግኑታል። እኛ ግን እዚህ ላይ ቆም እንላለን። ካርታው በቦታው ሲገኝ ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ የሒሳቡ ግማሽ ብቻ ነው። ያ ቦታ ስንት ጊዜ ይገኛል? በዚያስ ስፍራ ላይ ሌላ ምን ሊቀመጥ ይችል ነበር?

ለምሳሌ ያህል፣ ከአሥር ተጋጣሚ አንዱ ይህን ክምር ይዞ ይመጣል እንበል። ስምንት ግጥሚያ ባለው ውድድር ቢያንስ አንድ ጊዜ የመግጠም ዕድላችን ከመቶ 57 ያህል ነው። ከ15ቱ ካርታዎች ሁለቱን ዋን ዊዝ ናዚንግ አደረግን እንበል። ሁለቱንም ወደ ክምሩ አስገብተን ከ60ው 15 ካርታ ስናይ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድላችን ከመቶ 44 ነው። ባናገኘውስ ሁለት ቦታ ባክኗል፤ ዘግይቶ ቢመጣም ቀደም ሲል የጠፋውን ሕይወት አይመልስም። በመጀመሪያው ዙር ደግሞ ገና በጎን ስለ ተቀመጠ ምንም አይረዳም። በእነዚያው ሁለት ቦታዎች ከአሥር ተጋጣሚዎች አራቱን የሚያስቸግር መካከለኛ ካርታ ማስቀመጥ ከተቻለ፣ ብልኅ ተጫዋች መካከለኛውን ይመርጣል።

ሆኖም ይህም ቢሆን ለሁሉም ክምር እኩል አይሠራም። አረንጓዴ ማና ያለው ተጫዋች ሃውሊንግ ማይንንም ጉጉቱንም የሚሰብሩ ካርታዎች ሞልተውታል፤ እነዚያም ሌሎችን ተጋጣሚዎች ስለሚጎዱ ዋን ዊዝ ናዚንግ ለእርሱ ትርፍ ነገር ነው። ፈጣን ክምር የያዘውም አይፈልገውም፤ ካርታዎቹ ርካሽ ስለ ሆኑ መሬቱ ቢነቀልበትም እጁን ያራግፋል። ጥቁር ማና ብቻ ያለውና ቀስ ብሎ የሚጫወተው ግን ሌላ ነው። በጨዋታው ደንብ ጥቁር ቀለም እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን መስበር ከማይሆንላቸው ወገን ስለ ሆነ መሣሪያው ጥቂት ነው። ስለዚህ ካርታው ከሞላ ጎደል ለአንድ ዓይነት ሰው፣ በአንድ ዓይነት ጠላት ፊት፣ ያ ጠላት በበዛበት ወራት ብቻ ዋጋ ነበረው። ያን ጊዜም በጎን ክምራቸው ውስጥ ያስገቡት ተጫዋቾች ነበሩ፤ ሞኞች አልነበሩም።

ላየንስ አይ ዳይመንድን ጠቅሰው የሚከራከሩን ጓደኞች አሉ። በ1996 ዓ.ም. የታተመው ይህ ካርታም እጅን ሁሉ ያስጥላል፤ በወጣበት ጊዜ ብዙዎች ንቀውት ነበር፤ ዛሬ ግን እጅግ ውድ ነው። ታዲያ ያኛውስ አንድ ቀን እንዲሁ አይሆንም ወይ? ይላሉ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ላየንስ አይ ዳይመንድ ያለ ክፍያ ይወጣል፤ እጅን ማስጣሉ ዋጋው ሲሆን በምላሹ 3 ማና ይሰጣል። ቆይተው የታተሙ ካርታዎች ያንን ዋጋ ወደ ጥቅም ለወጡለት። ለምሳሌ በ2006 ዓ.ም. የወጣው ኢንፈርናል ቲውተር ባለቤቱ በእጁ ምንም ከሌለው ከክምሩ የፈለገውን ካርታ ያመጣለታል። ዋን ዊዝ ናዚንግ ግን ማና ያስከፍላል እንጂ አይሰጥም፤ መጣሉ ራሱ ሥራው ነው። ባዶ እጅን የሚሸልም አዲስ ካርታ ሁሉ ሲታተም ለሁለቱም ይጠቅማል፤ ቢሆንም ባዶ እጅና 3 ማና አብሮ የሚሰጠው እያለ ባዶ እጅ ብቻ የሚሰጠውን የሚመርጥ ማን ነው?

ኩባንያው እንዲህ ያለውን ነገር አውቆ ያትማል ወይ የሚል ጥያቄም ይነሣል። አዎ፣ ያትማል። የጨዋታው ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሮዝዋተር መጥፎ ካርታዎች ለምን እንደሚታተሙ በ2002 ዓ.ም. በጽሑፍ አስረድተዋል፤ ብርታት የሚለካው በንጽጽር ስለ ሆነ ሁሉም ብርቱ ሊሆን አይችልም፤ ደግሞም የካርታን ጥቅም ፈልጎ ማግኘት ራሱ የጨዋታው ክፍል ነው ይላሉ። ምክንያቱን እንቀበላለን። ነገር ግን የተማሪ ኪስ ይዞ አንድ ፓኮ ብቻ ለሚገዛ ሰው፣ ብርቅ በሚባለው ቦታ ይህን ማኖር ተገቢ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ተራ ከሚባሉት ጋር ቢታተም ኖሮ የሚጎድልበት ነገር አልነበረም።

ካርታው ለደረሰው ሰው የምንመክረው እንዲህ ነው። ከዋናው 60 ውስጥ አያግባው። የሚወዳደርበት ቦታ ሰዎች ምን ምን ክምር እንደሚይዙ ለጥቂት ሳምንታት ይመልከት፤ እጅ የሞላበትን ሰው የሚቀጣ ክምር ከአሥሩ በሦስቱ ወይም በአራቱ ዘንድ ካየና የእርሱም ክምር ጥቁርና ዘገምተኛ ከሆነ፣ ሁለት ካርታ ከ15ቱ መካከል ያስቀምጥ። ያ ክምር ከአካባቢው ሲጠፋ በዚያው ሳምንት ያውጣው።