ካርድ ክፍል

«ካርድ አለዎት?»

የመንግሥት ሆስፒታል የገባ ሰው ከሐኪም በፊት የሚያገኘው የካርድ ክፍሉን ሠራተኛ ነው። ከመስኮቱ ኋላ መደርደሪያ ሞልተው የተሰለፉት ፎልደሮች የቀድሞውን ምርመራ፣ የታዘዘውን መድኃኒት፣ ለታካሚው ያልተስማማውን መርፌ ሳይቀር ይዘዋል። ፎልደሩ ካልተገኘ ሐኪሙ ከሀሁ ይጀምራል፤ ደም እንደገና ይቀዳል፣ ራጅም እንደገና ይነሣል።

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የጤና መረጃ ሥርዓቱን ሲያድስ ለዚህ ክፍል ያስያዘው ደንብ አጭር ነው፦ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር፣ ለአንድ ቁጥር አንድ ፎልደር። ቁጥሩ ያለባት ትንሽ ካርድ ለታካሚው ትሰጣለች። ብትጠፋበት ደግሞ በስም የተደረደረ የመፈለጊያ ካርድ ክፍሉ ውስጥ አለ፤ ከስሙ ወደ ቁጥሩ፣ ከቁጥሩ ወደ ፎልደሩ ይደረሳል።

ስሙ ግን ራሱ ፈተና ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚለየው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ አያት ካልተጻፈ አበበ ከበደ ስንት አለ! ፊደሉም ይጨመርበት። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ያላትን ሌላው «ጸሀይ» ይላታል። ለአንባቢ አንድ ናት፤ ለኮምፒውተር፣ ፊደሎቹን እንዲያመሳስል ካልተሠራ፣ ሁለት ሴቶች ናቸው። «የለችም፤ አዲስ ይውጣላት» ይባልና ሁለት ፎልደር ይኖራታል። መርፌው እንደማይስማማት የተጻፈው በአንደኛው ብቻ ነው።

ትሬሰር ካርድ የምትባል ብልሃትም አለች። ፎልደር ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው ትገባለች፤ መቼ ወጣ፣ ወዴት ክፍል ሄደ የሚለው ይጻፍባታል። እሷ ከሌለች የቀሩት ፎልደሮች ተጠጋግተው ክፍተቱን ይሸፍኑታል፤ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ያደረው ፎልደር «ጠፋ» ይባላል።

ዛሬ ሆስፒታሎች ሪፖርታቸውን የሚልኩት ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በመነጨው ሶፍትዌር፣ በዲኤችአይኤስ 2 ነው። ሪፖርቱ ድምር ነው፤ ስንት እናቶች ወለዱ፣ ስንት ሰው ወባ ያዘው ይላል። የእያንዳንዱን ታካሚ ታሪክ የሚይዘው የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ ሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን እንደ ካርድ ክፍሉ ሠራተኛ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ይህ ሰው ከዚህ ቀደም መጥቶ እንደሆነ ነው።

መስኮቱ ጋ ሲደርሱ የአያትዎን ስም ሳይጠየቁ ቢናገሩ አይከፋም።