ሳንቲም ከየት መጣ?

የነዳጅ ዋጋ በተከለሰ ቁጥር ከብሩ ቀጥሎ ሳንቲሙም አብሮ ይጠራል፡፡ ማደያ ቆሞ ያቺን ሳንቲም መልስ የሚጠይቅ አሽከርካሪ ግን እምብዛም አይታይም፤ ቢጠይቅም አያገኛትም፡፡ ከገበያ እየጠፋ ያለው ይህ ገንዘብ ስሙን ያመጣው ከሩቅ ነው፡፡

«ሳንቲም» የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን ምንጩ ላቲን ነው፡፡ «ኬንቱም» መቶ፣ «ኬንቴሲሙስ» ደግሞ መቶኛ ማለት ነው፡፡ የሚገርመው በሮማውያን ዘንድ «መቶኛ» የገንዘብ ሳይሆን የግብርና የወለድ ስም ነበር፡፡ አውግስጦስ ቄሳር በጨረታ ከሚሸጥ ዕቃ ከመቶ አንድ ያስከፍል ነበር፤ ገቢው ለወታደሮች ጡረታ ካዝና ይውላል፡፡ ሕዝቡ «ይቅርልን» ቢል ተከታዩ ጢባርዮስ ካዝናው የቆመው በዚህ ግብር ነው ብሎ እምቢ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ17 ዓ.ም. ግን በግማሽ ቀነሰው፡፡ አበዳሪም በየወሩ ከመቶ አንድ ይቀበል ነበር፤ በዓመት 12 መሆኑ ነው፡፡ ከዚያ በላይ መጠየቅ በሕግ የተከለከለ ነበር፡፡ የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2479 አበዳሪና ተበዳሪ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል፡፡ ባንኮች እንኳ የሚሠሩት በሌላ መመሪያ ነው፡፡

ቃሉ የገንዘብ ስም የሆነው በፈረንሳይ አብዮት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1795 በወጣ ሕግ አንድ ፍራንክ በ100 ሳንቲም ተከፈለ፡፡ ላትቪያውያንም እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ዩሮ እስኪገቡ ድረስ ዝርዝራቸውን በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር፡፡

ወደ ኢትዮጵያ ግን ከቃሉ በፊት ትርጉሙ ቀድሞ ገብቷል፡፡ በምኒልክ ዘመን ብር የሚመነዘረው በግርሽ ነበር፡፡ በ1923 ዓ.ም. የተቀረጸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዝርዝር ገንዘብ ግን ብሩን ለመቶ የሚከፍል ሆኖ ስሙም በአማርኛ «መቶኛ» ተባለ፡፡ ጥሩ ቃል ነበር፤ ዕድሜ አላገኘም፡፡ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1937 ዓ.ም. የታወጀው አዲሱ ብር በ100 ሳንቲም ተመነዘረ፡፡ ዝርዝሩ ላይ የተቀረጸው ዓመት 1936 ነው፡፡

ገበያው ሃያ አምስቱን ስሙኒ፣ ሃምሳውን ሽልንግ ብሎ የየራሱን ስም ቢያወጣም «ሳንቲም» አልተነካም፡፡ እንዲያውም የማንኛውም የብረት ገንዘብ መጠሪያ ሆነ፡፡ ዛሬ የታክሲ ረዳት መልስ ሲሰጥ ከእጁ የሚቆጥረው «የአንድ ብር ሳንቲም» ነው፤ በላቲኑ ሒሳብ ቢሄዱ ባለ መቶው መቶኛ እንደ ማለት ነው፡፡