እሑድ ሱቅ የለም፦ የአሜሪካውያን ወጣቶች ቅዳሜና እሑድ በበርሊን

ለሥራ ወይም ለትምህርት በርሊን የሚገባ አሜሪካዊ ወጣት ቶሎ የሚለምደው ነገር ቢኖር የቤቱን አስቤዛ ቅዳሜ መጨረስ ነው። በአገሩ ሱፐርማርኬቶች እሑድም ይሠራሉ። በጀርመን ግን ከዳቦ ቤቶች፣ ከነዳጅ ማደያዎችና ከትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች በቀር ሱቆች በአብዛኛው ዝግ ናቸው።

ነገሩ ልማድ ብቻ አይደለም። እሑድን የዕረፍት ቀን አድርጎ የሚጠብቀው አንቀጽ እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር ሕገ መንግሥት ውስጥ ሰፍሮ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራው የ1949ኙ መሠረታዊ ሕግም እንዳለ ተቀብሎታል።

ስለዚህ ቅዳሜ ሱፐርማርኬቱ ይጨናነቃል። ወጣቱ ባዶ ጠርሙሶቹን በከረጢት ይዞ ጠርሙስ መቀበያው ማሽን ፊት ይሰለፋል። አንድ በአንድ ያስገባል፤ ማሽኑ ምልክቱን እያነበበ ይቀበለዋል። ለአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም ጣሳ ሲገዛ ያስያዘው፣ በአብዛኛው 25 የዩሮ ሳንቲም የሆነ መያዣ ይመለስለታል። ሲጨርስ ደረሰኝ ይወጣለታል፤ እሱን ካሸር ጋ ሰጥቶ ከሂሳቡ ያስቀንሳል።

እሑድ ደግሞ ግድግዳ መብሳትም ሆነ ሣር በማሽን ማጨድ ክልክል ነው፤ ጎረቤት እንዳይረበሽ።

ታዲያ ቀኑ ባዶ ነው ማለት አይደለም። በማወርፓርክ መናፈሻ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይደራል፤ ልብስ፣ የሙዚቃ ሸክላና ብስክሌት ይሸጥበታል። አገር አቀፍ ወርኃዊ የትራንስፖርት ትኬት የያዘ ደግሞ በከተማ ባቡር ወደ ፖትስዳም ከተማ ሄዶ የሳንሱሲ ቤተ መንግሥትን መናፈሻ በእግሩ ይዞራል። ከሰዓት በኋላ ቡናና ኬክ ይከተላል። ከምሽቱ 2:15 ላይ ብዙ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሚተላለፈውን የወንጀል ድራማ፣ «ታትኦርት»ን ይከፍታሉ፤ አብረዋቸው የሚኖሩ አሜሪካውያንም ቋንቋውን እየለመዱ አብረው ያያሉ።