ፖኒ ያላደገ ፈረስ አይደለም

ፖኒ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ ብዙ ሰው «ያላደገ ፈረስ» ወይም «የልጆች ፈረስ» ይላል። የመጀመሪያው ጨርሶ ስህተት ነው፤ የፈረስ ውርንጭላ አድጎ ፈረስ ይሆናል፣ ፖኒ ግን ሠላሳ ዓመት ቢሞላውም ያው ፖኒ ነው። ሁለተኛው ግማሽ እውነት አለው። ሌላውን ግማሽ የሚያውቁት የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ነበሩ።

በቁመቱ እንጀምር። ፈረስ ጭንቅላቱን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ ከጭንቅላቱ አይለካም። የሚለካው ጋማው አልቆ ጀርባው ከሚጀምርበት፣ ከትከሻው በላይ ካለው ጉብታ እስከ መሬት ነው። እንግሊዞች ለዚህ «እጅ» የሚሉት የቆየ መለኪያ አላቸው፤ አንድ እጅ 4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። በልማዱ ከ14.2 እጅ የሚያንሰው ፖኒ፣ ከዚያ በላይ ያለው ፈረስ ይባላል። ይህ ቁጥር ዐሥራ አራት ከሁለት ዐሥረኛ እንዳይመስልዎ፤ 14 እጅ ከ2 ኢንች ነው፣ 147 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደግሞ ሰኮናው ላይ ብረት ላልተመታለት ፖኒ 148፣ ለተመታለት 149 ሴንቲ ሜትርን ጣሪያ አድርጎ ይሠራል።

ይህን መስመር ያሰመረው ሰው ነውና በየቦታው ይጣሳል። የአይስላንድ ፈረሶች አብዛኞቹ ከመስመሩ በታች ናቸው፤ አይስላንዳዊ ፊት ግን ፖኒ ብሎ መጥራት ቅሬታ ያስከትላል። ፋላቤላ የሚባለው የአርጀንቲና ዝርያ ከሰው ወገብ የማይደርስ ሆኖ ሳለ የሰውነቱ ምጣኔ የፈረስ ስለሆነ ፈረስ ይባላል። የፖሎ ጨዋታ ፈረሶች በተቃራኒው ከመስመሩ ቢያልፉም በድሮው ልማድ ፖኒ ይባላሉ። የእኛም የደጋ ፈረሶች በዚሁ ሜትር ቢለኩ አብዛኞቹ ከፖኒ ተርታ ይመደቡ ነበር፤ ጥር 23 በአገው ምድር በፈረሰኞች በዓል ተሸልመው ሜዳውን የሚሞሉት ሳይቀሩ። ጀግናውን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ በፈረሱ ስም ለሚጠራ ሕዝብ ግን ይህ ምደባ ብዙም የሚዋጥ አይመስለኝም።

እንግዲህ ሜትሩን ተወት አድርገን አካሉን እንይ፤ እውነተኛው ልዩነት ያለው እዚያ ነው። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የሸትላንድ ደሴቶች ዛፍ እምብዛም የለም፣ ነፋሱ አያባራም፣ ክረምቱ ረጅም፣ ሣሩም ስስ ነው። እዚያ የኖረው የሸትላንድ ፖኒ ከ107 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ከእሽቅድምድም ፈረስ ጎን ቢያቆሙት ልዩነቱ የመጠን ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ይታያል። የሩጫው ፈረስ እግሩ መለሎ፣ ሆዱ ሰብሰብ ያለ፣ ቆዳው ስስ ነው። ፖኒው ደረቱ ጥልቅ፣ ጎኑ ክብ፣ እግሩ ከገላው አንጻር አጭር፣ የእግሩ አጥንት ግን ለቁመቱ ወፍራም ነው። ግንባሩ ሰፊ፣ ጆሮው ትንሽ፣ አንገቱ አጭርና ደንዳና ነው። ትንሽ አካል በጥቂት መኖ ይኖራል፤ አጫጭር እግርና ጆሮ ደግሞ ለብርድ የሚያጋልጡት ሙቀት ትንሽ ነው።

ጸጉሩም የራሱ ጥበብ አለው። ክረምት ሲገባ ሁለት ድርብ ያበቅላል፤ ከውስጥ ሱፍ የመሰለ ለስላሳ፣ ከላይ ውሃ የሚያንሸራትት ረጅም ጸጉር። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ተራሮች የሚኖረውን ኤክስሙር ፖኒ ቀረብ ብሎ ያየ ደግሞ ሁለት ነገር ያስተውላል። የዐይኑ ሽፋን ሥጋማና ወፍራም ስለሆነ ዝናብ ወደ ዐይኑ አይወርድም። የጭራው ሥር ላይ ደግሞ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ አጭር ሻካራ ጸጉር አለ፤ ከጀርባ የሚወርደውን ውሃ ወደ ጎን ያፈሰዋል።

ወደ ማዕድኑ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1842 የብሪታንያ ፓርላማ ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ እንዳይሠሩ ከለከለ። እነርሱ ይጎትቱት የነበረውን ከሰል በዝቅተኛው ዋሻ ውስጥ ማን ይጎትተው? የሸትላንድ ፖኒ ከቁመቱ የማይጠበቅ ጉልበት ስለነበረው ተፈላጊነቱ ናረ። ጠንካራ ወንድ ፖኒዎች ከደሴቶቹ እየተጫኑ ወደ ጉድጓዱ ገቡ፤ በብዙ ማዕድኖች በረታቸው ራሱ ከመሬት በታች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 የተጀመረው የዘር መዝገብ አንዱ ምክንያት ጥሩ ጥሩዎቹ አልቀው ዝርያው እንዳይመናመን መስጋት ነበር። «የልጆች ፈረስ» የሚለው ስም ለዚህ እንስሳ ሲሰጥ ትንሽ ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው፤ የልጆችን ሸክም ተሸክሟልና።

ይህን ያህል ቢለያዩም ፖኒና ፈረስ አንድ ዘር ናቸው፤ ይዋለዳሉ፣ ልጆቻቸውም እንደ በቅሎ መካን አይሆኑም። እ.ኤ.አ. በ1938 ዋልተንና ሃመንድ የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ግዙፉን የሻየር ፈረስ ከሸትላንድ ፖኒ ጋር አዳቅለው ውጤቱን አሳተሙ። እናቷ ሻየር የሆነች ውርንጭላ ስትወለድ እናቷ ሸትላንድ ከሆነችው ሦስት እጥፍ ገደማ ትመዝን ነበር። የሁለቱም የዘር ድርሻ ተመሳሳይ ነው፤ የተለያየው ያደጉበት ማኅፀን ነው።

ፖኒ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ምግብ ነው። በስስ ሣር መኖር የለመደ አካል ለምለም መስክ ላይ ሲለቀቅ ስኳሩ ይበዛበታል፤ አንገቱ ላይ ስብ ይከመራል፣ ቀጥሎም የሰኮና ውስጥ ብግነት ይመጣል። ሰኮናውን ከውስጡ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ስስ ሥጋ ሲቆጣ እንስሳው የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ መራመድ ያቅተዋል። ከባሰም አጥንቱ ከቦታው ይዞራል። ፖኒ አርቢዎች ስለዚህ ሣሩ በሚፈላበት በጸደይ ወራት ጠባብና የተጋጠ መስክ ይመርጡለታል፤ ይህ ካልተገኘም አንዲት ቀዳዳ ብቻ ያለችው የአፍ ሽፋን ያጠልቁለትና በትንሽ በትንሹ እንዲግጥ ያደርጉታል።