ቮልት እያለ የማይነሣ ሞተር፦ በአሮጌ መኪና ሽቦዎች ውስጥ ብልሽትን ስለ መፈለግ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ የተለመደ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ባትሪው ሙሉ ነው፤ መለኪያው ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ባለቤቱ ካንዴላዎቹን ይለውጣል፤ ኮይሉንም ይለውጣል፤ ችግሩ ግን ባለበት ይቀራል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ለምሳሌነት የመረጥሁት በአገራችን «ቮልስ» እያልን የምንጠራውን ቮልስዋገን ቢትል፣ በተለይም ባለ 12 ቮልቱንና ባትሪውን በዲናሞ የሚሞላውን ነው። የዚህች መኪና ሞተር ከኋላ ነው፤ ባትሪዋም ከኋላ መቀመጫው ሥር ይገኛል፤ የማስነሻ ቁልፏ ግን ከፊት ነው። ስለዚህ ወደ ኮይሉ የሚሄደው ከረንት ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት ይጓዛል፤ ቁልፉን አልፎም እንደ ገና ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ያሉት መጋጠሚያዎች ለብዙ ዓመታት ዝገት፣ አቧራና ንዝረት የተፈራረቁባቸው ናቸው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ። የኮይሉ ሬዚስታንስ 3 ኦም ነው እንበል። መንገዱ ጤናማ ከሆነ 12 ቮልት ለ3 ሲካፈል 4 አምፔር ይሰጣል። በአንድ የዛገ መጋጠሚያ ላይ 1 ኦም ብቻ ቢጨመር ጠቅላላው 4 ኦም ይሆናል፤ ከረንቱ ወደ 3 አምፔር ይወርዳል፤ ኮይሉም የሚያገኘው 9 ቮልት ብቻ ነው። በኮይሉ ውስጥ የሚከማቸው ኃይል ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ስለሚመጣጠን፣ የሚቀረው ከጤናማው 9/16ኛ፣ ማለትም 56 በመቶ ያህል ነው። ሞተሪኖው በሚሽከረከርበት ጊዜ የባትሪው ቮልቴጅ ራሱ ስለሚወርድ ብልጭታው ይበልጥ ይደክማል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን የሚለኩበት ጊዜ ነው። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ፑንቲና ክፍት ሳለ በኮይሉ ከረንት አያልፍም። ከረንት ከሌለ ደግሞ፣ በኦም ሕግ መሠረት፣ በዛገው መጋጠሚያ ላይ የሚጠፋ ቮልቴጅ የለም። መለኪያው ሙሉውን 12 ቮልት ያነብባል፤ ሽቦውም ደኅና ይመስላል። ስለዚህ ቁልፉን ከፍታችሁ፣ ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ ለኩ። የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በኮይሉ 15 ቁጥር ጫፍ ላይ አኑሩ። ንባቡ በመንገድ ላይ የጠፋውን ቮልቴጅ በቀጥታ ይነግራችኋል። ከግማሽ ቮልት በእጅጉ ከበለጠ ሁለተኛውን ጫፍ ከመጋጠሚያ ወደ መጋጠሚያ ወደ ባትሪው አቅጣጫ መልሱ፤ ንባቡ በድንገት የሚቀንስበት ስፍራ ብልሽቱ ያለበት ነው። ኮይሉ እንዳይግል ግን ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ክፍት አትተዉት።

የመልሱንም መንገድ አትርሱ። ሞተሩና ማርሹ በጎማ ላይ ስለ ተቀመጡ ከአካሉ ጋር የሚያገናኛቸው የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ አለ። ሞተሪኖው ሲዞር ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ አካል ቢለካ የዚያ ገመድ ጤንነት ይታወቃል።

የባትሪ መሙያውም ሥርዓት በዚሁ መንገድ ይመረመራል። የቀይዋ መብራት አንድ ጫፍ በቁልፉ በኩል ከባትሪው፣ ሌላው ከዲናሞው ጋር የተያያዘ ነው። የሁለቱ ቮልቴጅ ሲለያይ ትበራለች፤ ሲተካከል ትጠፋለች። በጉዞ ላይ ጭል ጭል የምትል ከሆነ በመካከል ልዩነት አለ ማለት ነውና የዲናሞውን ካርቦን፣ ሬጉሌተሩንና መጋጠሚያዎቹን መርምሩ። መጥፋቷ ብቻውን ግን ባትሪው ለመሙላቱ ማስረጃ አይሆንም። ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲሠራ በባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ መነበብ ይኖርበታል።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በዚህች መኪና ዲናሞውንና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ ቀይዋ መብራት በጉዞ ላይ በድንገት ስትበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። «እቤት እስክደርስ ባትሪው ይበቃኛል» ብሎ የሚነዳ ሰው ባትሪው ቢበቃውም ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል። መብራቷን እንዳያችሁ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ አስቀድማችሁም ቺንጋውን ተመልከቱ።