የመጫወቻ ጡብና የባቡር ሐዲድ

በነጭ አባይ ሸለቆ በሚኖሩት በዲንካና በኑዌር ሕዝቦች ዘንድ ሕፃናት ከጭቃ የከብት ምስል እየሠሩ ይጫወታሉ። ይህም ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። ሕፃኑ የበሬውን ቀንድና ሻኛ አሳምሮ ለመቅረጽ መለኪያ አያስፈልገውም፤ በሬውን ዕለት በዕለት ያየዋልና። የሚሠራው ነገር ባቡር በሚሆንበት ጊዜ ግን ዓይን ብቻውን አይበቃም። ባቡር ጎማው ከሐዲዱ፣ አንዱ ፉርጎ ከሌላው በልክ ካልገጠመ ከቶ ሊንቀሳቀስ አይችልም። በጁባ ከተማ ለሚኖር ወጣት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ጁባ እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻነቷን ያገኘችው የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ብትሆንም እስከ ዛሬ ድረስ የባቡር ሐዲድ አልደረሰባትም። ስለዚህ በዚያ የሚኖር ወጣት የባቡር አምሳያ ለመሥራት ቢነሣ መነሻ የሚሆነው በዓይኑ ያየው ነገር ሳይሆን ልክ ነው።

በዛሬው ጊዜ በብዙ አገሮች የባቡር አምሳያ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ እርስ በርሱ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጡብ ነው። ከእነዚህ ጡቦች ይበልጥ የታወቀው ሌጎ የሚባለው ነው። መሥራቹ ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን በዴንማርክ አገር በቢሉንድ ከተማ የሚኖር አናጢ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1932 ከእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። ሌጎ የሚለው ስም በዴንማርክ ቋንቋ «በደንብ ተጫወት» ከሚል ሐረግ የተገኘ ነው። ድርጅቱ የፕላስቲክ ጡብ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ጡቦች ውስጣቸው ባዶ ስለነበረ ሲገጣጠሙ አጥብቀው አይያያዙም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በጡቡ ውስጥ ቱቦ መሰል ድጋፍ ተጨመረና የላይኛው ጡብ የታችኛውን ጉጥ ጨብጦ የሚይዝ ሆነ። በሐዲድ ላይ የሚሄደው የጡብ ባቡር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ለገበያ ቀረበ።

የዚህ ጡብ ዋና ጥቅም በቀለሙ ማማር ሳይሆን በልኩ አለመለወጥ ላይ ነው። ከአንዱ ጉጥ መካከል እስከ ሌላው ጉጥ መካከል ያለው ርቀት ምንጊዜም 8 ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ ጡብ ቁመት ጉጡን ሳይጨምር 9.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሦስት ስስ ጡቦች ቢደራረቡ ከአንድ ሙሉ ጡብ ጋር እኩል ይሆናሉ። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1958 የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ያለ ችግር ይገጥማል። ስምንት ስምንት ጉጥ ያላቸው ስድስት ጡቦች ብቻ ከ900 ሚሊዮን በሚበልጡ የተለያዩ መንገዶች ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ የሒሳብ ሊቃውንት አስልተዋል። ይህ ሁሉ ብዛት የተገኘው ከአንድ ቋሚ ልክ ነው።

አንድ ሠሪ በሣጥን ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሳይሆን የራሱን ባቡር ለመሥራት ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚወስነው መስፈርቱን ነው። መስፈርት ማለት በካርታ ላይ እንደሚደረገው ሁሉ እውነተኛው ነገር በስንት እጅ እንደሚያንስ የሚያመለክት ቁጥር ነው። ይህንንም ለማግኘት የሐዲዱን ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ የብረት መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት፣ መነሻ ያደርጋል። የመጫወቻው ሐዲድ ስፋት 37.5 ሚሊ ሜትር ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መደበኛው ሐዲድ ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል 38 ያህል ይደርሳል። ስለዚህ መስፈርቱ 1 ለ38 ይሆናል ማለት ነው። እውነተኛው ሐዲድ 1,000 ሚሊ ሜትር የሆነ እንደሆነ ግን መስፈርቱ ወደ 1 ለ27 ይለወጣል። በዚህ ምክንያት 2 ሜትር ከፍታ ያለው የፉርጎ በር በመጀመሪያው መስፈርት 53 ሚሊ ሜትር፣ በሁለተኛው 74 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የመጫወቻው ሐዲድ ሳይለወጥ በላዩ ላይ የሚቆመው ባቡር መጠኑን ይለውጣል።

ከዚህ በኋላ ሠሪው ከፍላጎቱና ከሚቻለው ነገር መካከል መምረጥ ይኖርበታል። ለምሳሌ 3 ሜትር ስፋትና 25 ሜትር ርዝመት ያለው ፉርጎ በ1 ለ38 ሲሠራ ስፋቱ 10 ጉጥ፣ ርዝመቱ 82 ጉጥ ገደማ ይሆናል። በሣጥን የሚሸጡት ባቡሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ 6 ጉጥ ብቻ ስፋት አላቸው፤ የራሳቸውን የሚሠሩ ብዙ ሰዎች 8 ጉጥ ይመርጣሉ። ትልቁ ችግር የሚታየው በኩርባው ላይ ነው። የተለመደው የመጫወቻ ሐዲድ ኩርባ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 320 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በመስፈርቱ ቢባዛ ከ12 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። እውነተኛ የመንገደኛ ባቡር በእንዲህ ያለ ጠባብ ኩርባ ሊዞር አይችልም፤ በዋና መስመር ላይ የሚገኝ ኩርባ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይፈልጋል። ስለሆነም ሠሪው ፉርጎውን ያሳጥራል፤ ጎማዎቹንም ከፉርጎው በታች በሁለት ወገን እንዲዞሩ አድርጎ ይተክላቸዋል። የመስኮቶቹን ቁጥር ቢቀንስም የፉርጎው መልክ እንዳይጠፋ ይጠነቀቃል። ሁሉን ነገር ማሳነስ ብቻውን አምሳያ አይሆንም፤ የትኛው ነገር ቢቀር ባቡሩ ያው ባቡር መሆኑ እንደማይጠፋ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሐዲዱ ስፋት የሚጀምረው ይህ ሥራ ከጨዋታም አልፎ ጁባን የሚመለከት ቁም ነገር ያስተምራል። በጁባ ዙሪያ ባሉት አገሮች በልዩ ልዩ ዘመን ሦስት ዓይነት ሐዲዶች ተዘርግተዋል። በሰሜን በኩል የሱዳን ሐዲድ ስፋቱ 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1897 ከዋዲ ሐልፋ ወደ አቡ ሐመድ የዘረጋው ሐዲድም ይኸው ልክ ነበረው። ይኸው መስመር እየተቀጠለ በመሄድ እ.ኤ.አ. በ1962 ዛሬ በደቡብ ሱዳን ውስጥ እስከምትገኘው እስከ ዋው ከተማ ደረሰ፤ ወደ ጁባ ግን አልቀጠለም። በደቡብ በኩል እ.ኤ.አ. በ1896 ከሞምባሳ ወደብ የተነሣው መስመር በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ከዚያም ወደ ኡጋንዳ ተቀጥሎ በ1964 በሰሜን ኡጋንዳ ከምትገኘው ፓክዋች ገባ። የዚህ ሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ነው።

በምሥራቅ በኩል በኢትዮጵያም የሁለት ዘመን ሐዲዶች ይገኛሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ የተጀመረው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ሐዲድ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ሲሆን፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ስፋቱም 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ግን ባለ 1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። ሁለቱም የአዲስ አበባንና የጅቡቲን ከተሞች ለማገናኘት የተሠሩ ቢሆኑም የአንደኛው ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2017 በሞምባሳና በናይሮቢ መካከል የተከፈተው አዲሱ ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከአሮጌው ጋር አይገጥምም።

ሁለት የማይገጥሙ ሐዲዶች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ጭነቱን ከአንዱ ፉርጎ አውርዶ በሌላው ላይ መጫን ግዴታ ይሆናል። ይህም የሰው ጉልበትና ጊዜ ይጨርሳል፤ የዕቃውንም ዋጋ ያስወድዳል። ባሕር ለሌላት ለደቡብ ሱዳን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለጁባ ገበያ የሚሆን ብዙ ዕቃ ከሞምባሳ ተነሥቶ ኡጋንዳን አቋርጦ በኒሙሌ በኩል በጭነት መኪና ይገባል። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ አስፋልት የለበሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከዚህ ሌላ ዕቃ ከሰሜን በወንዝ በጀልባ ይመጣል።

በዚያው በ2012 ዓመት በመጋቢት ወር የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች በላሙ ተገናኝተው ከአዲስ ወደብ ተነሥቶ ሦስቱን አገሮች የሚያገናኝ የመንገድ፣ የሐዲድና የነዳጅ ቧንቧ ሥራ አስጀምረዋል። በዕቅዱም መሠረት የሐዲዱ አንደኛው ክንፍ ወደ ጁባ፣ ሌላው ወደ አዲስ አበባ ይዘልቃል። በላሙ ወደብ የመርከብ ማቆሚያዎች ቢሠሩም ወደ ጁባ የሚሄደው ሐዲድ ገና አልተዘረጋም። ሐዲዱ በሚዘረጋበት ጊዜ መሐንዲሶቹ አስቀድመው የሚመልሱት ጥያቄ የጡብ ባቡር የሚሠራው ወጣት ከሚመልሰው ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ይኸውም «ስፋቱ ስንት ይሁን? ከየትኛውስ ጋር ይገጥማል?» የሚል ነው።

ሐዲድ ባልደረሰበት ከተማ የሚኖር ወጣት የባቡር አምሳያ ሲሠራ ጊዜውን በከንቱ አያሳልፍም። ማስላትን፣ መምረጥን፣ ከሌላው ጋር ለመገጣጠም የጋራ ልክ መያዝን ይማራል። በ1958 የተሠራው ጡብ ከዛሬው ጋር የሚገጥመው ሠሪዎቹ በዚያን ጊዜ የቆረጡትን ልክ ጠብቀው ስላቆዩ ነው። በነጭ አባይ ዙሪያ ያሉት ሐዲዶች ግን እያንዳንዱ ገዥ ለራሱ ዘመንና ለራሱ ጉዳይ የዘረጋቸው በመሆናቸው ሳይገናኙ ቀርተዋል። ጎረቤት አገሮች በሐዲድ ለመገናኘት ሲነሡ ከብረቱም ከድንጋዩም በፊት በአንድ ልክ መስማማት ይኖርባቸዋል።