የሄድፎን አምፕሊፋየር ቲዩብ ሲቀየር እንዴት ይመረጣል?

ቫኩም ቲዩብ አየሩ ተመጥጦ በወጣ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ የታሸገ የኤሌክትሮኒክስ አካል ነው። ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ አምፖል ይመስላል፤ ዘሩም ከአምፖል ነው። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ በ1904 እ.ኤ.አ. ባለሁለት ኤሌክትሮዱን ሠራ፤ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት ደግሞ በ1906 እ.ኤ.አ. በሁለቱ መካከል ግሪድ የሚባል ሦስተኛ ኤሌክትሮድ ጨመረበት። መሃል ላይ ያለው ካቶድ በፊላመንት ሲግል ኤሌክትሮኖች ይለቃል፤ ዙሪያውን የከበበው ፕሌት ከፍተኛ ፖዘቲቭ ቮልት ስላለበት ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ግሪዱ በመካከላቸው እንደ ውኃ መክፈቻ ያገለግላል፤ ቮልቱ ጥቂት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ወደ ፕሌቱ የሚፈሰው ከረንት በብዙ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ከስልክ ወይም ከሲዲ ማጫወቻ የመጣ ደካማ የሙዚቃ ምልክት ጉልበት የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ቲዩብ ከትራንዚስተር በተለየ ያልቃል። በካቶዱ ላይ የተቀባውና ኤሌክትሮን የሚለቀው ሽፋን በሙቀት ብዛት ቀስ በቀስ ይደክማል። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፤ የአንድ ጆሮ ድምፅ ይቀንሳል፣ መንሾካሾክ የመሰለ ድምፅ ከሙዚቃው ሥር ይሰማል፣ አልፎ አልፎም መንጫጫት ይመጣል። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የቲዩቡ አይደለም። ለግራና ለቀኝ የየራሱ ቲዩብ ባለው አምፕሊፋየር (አምፕ) ሁለቱን ማቀያየር ይበቃል፤ ችግሩ ከቲዩቡ ጋር ወደ ሌላው ጆሮ ከተዛወረ የደከመው ቲዩቡ ነው፤ ባለበት ከቀረ ግን አዲስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ምርጫው የሚጀምረው በብርጭቆው ላይ ከታተመው ስም ነው። በአሜሪካ አሰያየም የመጀመሪያው ቁጥር የፊላመንቱን ቮልት በግርድፉ ይናገራል፤ በ6 የሚጀምረው 6.3 ቮልት፣ በ12 የሚጀምረው 12.6 ቮልት ነው። በአውሮፓ አሰያየም ይህን የሚናገረው የመጀመሪያው ፊደል ነው። ኢ ማለት 6.3 ቮልት ሲሆን ሲ ትራዮድን፣ ማለትም ባለሦስት ኤሌክትሮዱን፣ ያመለክታል፤ ሁለት ሲ ሲደረደር በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ትራዮድ አለ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቲዩብ በሁለት ስም ይሸጣል። 12ኤኤክስ7 እና ኢሲሲ83፣ 12ኤዩ7 እና ኢሲሲ82፣ 6ዲጄ8 እና ኢሲሲ88 ጥንድ ስሞች ናቸው።

ብዙ አምፕ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ሶኬቱ ውስጥ የገባ ቲዩብ ሁሉ ለሶኬቱ የተሠራ አይደለም። 12ኤዩ7 እና 6ዲጄ8 ሁለቱም ዘጠኝ እግር አላቸው፤ የፕሌት፣ የግሪድና የካቶድ እግሮቻቸውም በአንድ ቦታ ነው ያሉት። ልዩነቱ በፊላመንቱ ነው። 12ኤዩ7 በ4ኛና በ5ኛ እግሩ መካከል 12.6 ቮልት ይወስዳል፤ ወይም ሁለቱ ተገናኝተው ከ9ኛው እግር ጋር በ6.3 ቮልት ይሠራል። የ6ዲጄ8 ፊላመንት ግን ሁልጊዜ በ4ኛና በ5ኛ እግር መካከል 6.3 ቮልት ብቻ ነው የሚፈልገው። በመጀመሪያው መንገድ በተዘረጋ ሶኬት ላይ ቢሰካ የሚችለውን እጥፍ ቮልት ያገኛል፤ በሁለተኛው ቢሰካ ደግሞ ጭራሽ አይሞቅም።

ቮልቱ ቢገጥም እንኳ የከረንቱ ነገር ይቀራል። የሩሲያው 6ኤን1ፒ በ6ዲጄ8 ቦታ ብዙ ጊዜ ይገባል፤ የእግሩ አሰላለፍ ይገጥማል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ነገር ግን 6ዲጄ8 ለፊላመንቱ 365 ሚሊአምፔር ሲበቃው 6ኤን1ፒ 600 ይጠይቃል። ሁለት ቲዩብ ባለው አምፕ ጭማሪው ግማሽ አምፔር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ትራንስፎርመሩ ለዚህ ካልተሠራ ይግላል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። የፕሌት ቮልትም ወሰን አለው። 6ዲጄ8 የሚችለው እስከ 130 ቮልት ነው፤ የጠነከረው ወንድሙ 6922፣ በአውሮፓ ስሙ ኢ88ሲሲ፣ እስከ 220 ይችላል። ስለዚህ 6922ን በ6ዲጄ8 ቦታ መተካት ብዙ ጊዜ ምንም ችግር የለውም፤ ተገላቢጦሹ ግን አደጋ አለው። በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የሻጭ ቃል አይበቃም፤ የአምፑ ማኑዋልና የቲዩቡ ዳታ ሺት ጎን ለጎን ሆነው መታየት አለባቸው።

ቀጥሎ የሚታየው የማጉላት አቅም ነው። 12ኤኤክስ7 100፣ 12ኤቲ7 60፣ 6ዲጄ8 33፣ 12ኤዩ7 ደግሞ 20 ገደማ ነው። ከፍ ያለው ይሻላል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ሄድፎን ከጆሮ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ በስፒከር የማይሰማ ጥቃቅን ጫጫታ በእሱ ጎልቶ ይሰማል፤ የበዛ ማጉላት ደግሞ ጫጫታውንም አብሮ ያጎላል። ከዚህም ሌላ 12ኤኤክስ7 በመደበኛ ሥራው አንድ ሚሊአምፔር ገደማ ሲያሳልፍ 12ኤዩ7 አሥር ያህል ያሳልፋል። አንዱን በሌላው ቦታ መሰካት ሰርኪዩቱ የተሠራበትን ሚዛን ያፋልሳል።

በብዙ የሄድፎን አምፖች ፊተኛው ቲዩብ ምልክቱን ሲያጎላ ሄድፎኑን የሚነዳው የኋለኛው ቲዩብ የተለየ ሥራ አለው። እንደ ቦትልሄድ ክራክና እንደ ዳርክቮይስ 336ኤስኢ ያሉት 6080 ወይም 6ኤኤስ7ጂ ይጠቀማሉ። የዚህ ቲዩብ የማጉላት አቅም 2 ብቻ ነው፤ ሥራው ከረንት ማቅረብ ስለሆነ። ባለ300 ኦም ሄድፎን ያለ አውትፑት ትራንስፎርመር የሚነዳው በዚህ ምክንያት ነው። ፊላመንቱ ብቻውን 2.5 አምፔር ይበላል፣ ይህም ወደ 16 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ነው፤ አምፑ መጋረጃና መጽሐፍ ከተጠጋጉበት ቦታ መራቅ ያለበት ለዚህ ነው። በድምፅ በኩል ግን ጎልቶ የሚታወቀው ለውጥ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከፊተኛው ትንሽ ቲዩብ ነው፤ ትርፍ ገንዘብ ካለም መዋል ያለበት በእሱ ላይ ነው።

ገበያው ሁለት ዓይነት ዕቃ ያቀርባል። አንደኛው ዛሬ የሚመረት ሲሆን ምንጮቹ በዋናነት የስሎቫኪያው ጄጄ፣ የሩሲያዋ ሳራቶቭ ፋብሪካና የቻይና ፋብሪካዎች ናቸው። ሁለተኛው ከአሥርተ ዓመታት በፊት ተመርቶ ሳይነካ በመጋዘን የቆየው ነው። በእንግሊዝ ብላክበርን የተሠራ ሙላርድ፣ በሆላንድ ሄርለን የተሠራ ፊሊፕስ፣ የጀርመኑ ቴሌፉንከን፣ የአሜሪካዎቹ አርሲኤ፣ ሲልቫኒያና ተንግሶል እስከ ዛሬ ይፈለጋሉ። ገዢ ሊጠነቀቅ የሚገባው ስም ፋብሪካ አለመሆኑን ነው። ሙላርድና ተንግሶል የሚሉት ስሞች ዛሬ ሳራቶቭ በሚሠሩ አዳዲስ ቲዩቦች ላይም ይታተማሉ። ድሮም ፋብሪካዎች አንዱ ከሌላው ገዝተው የራሳቸውን ስም ያትሙ ነበር። በእግሮቹ መካከል ብርጭቆው ላይ ጎልቶ የሚታየው የቴሌፉንከን የዳይመንድ ምልክት ከቀለም ጽሑፍ ይልቅ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃው በእጅ ሲገባ በመጀመሪያ የሚታየው በብርጭቆው አናት ወይም ጎን ያለው ብርማ ሽፋን ነው። ጌተር ይባላል፤ ከባሪየም የተሠራ ሲሆን የቀረውን አየር ይመጥጣል። እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ደህና ነው። ወተት መስሎ ከነጣ አየር ገብቷል፤ ያ ቲዩብ ሞቷል። ከዚያ እግሮቹ ቀጥ ማለታቸው ይታያል። የሻጩ የመሞከሪያ ውጤት ካለ ሁለቱም ግማሾች መነበብ አለባቸው፤ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ካሉት ሁለት ትራዮዶች አንዱ ለግራ ሌላው ለቀኝ በሚያገለግልበት አምፕ የግማሾቹ መበላለጥ ዘፋኙን ከመሃል ወደ ጎን ይገፋዋል።

ሲቀየር አምፑ ከመብራት ተነቅሎ በደንብ መቀዝቀዝ አለበት። ካፓሲተሮች አምፑ ከተነቀለ በኋላም ገዳይ ቮልት ስለሚይዙ የሥሩን ክዳን መክፈት የባለሙያ ሥራ ነው። ባለስምንት እግር ቲዩብ በታችኛው መቀመጫው ተይዞ ይነቀላል፤ ብርጭቆውን ይዞ መሳብ ማጣበቂያውን ያላቅቃል። ባለዘጠኝ እግሩ በጥቂቱ እየተወዛወዘ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ጎን ቢጫን እግሩ ከብርጭቆው ጋር የተገናኘበት ቦታ ይሰነጠቅና አየር ያስገባል። አዲሱ ከተሰካ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ እንዲሞቅ ይተዋል፤ ቲዩብ ራዲዮ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን መጠበቅ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ሙከራ በርካሽ ሄድፎን ይሁን። ድምፁ ዝቅ ብሎ ሳለ ብርጭቆው በእርሳስ ላጲስ ቀስ ተደርጎ ሲመታ ደወል የመሰለ ድምፅ ጆሮ ላይ ከጮኸ የውስጡ አካላት ላልተዋልና ቲዩቡ ለፊተኛው ቦታ አይሆንም።

ቁጥሮቹ የገጠሙና ግማሾቹ የተመጣጠኑ ዛሬ የተመረተ ቲዩብ ለአብዛኛው አድማጭ ይበቃል፤ የድሮው ውድ ዕቃ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚሠራ ቲዩብን ደግሞ ቀድሞ ለመቀየር መቸኮል አያስፈልግም። ኢ88ሲሲ ለ10,000 ሰዓት አገልግሎት ታስቦ የተሠራ ነው፤ በቀን ሦስት ሰዓት ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ነው።